ባዶ የቀረው ስድስተኛ ረድፍ

አንድ ማለዳ በኮምፒውተር ክፍላችን በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። «በዚህ ክፍል ውስጥ ማንኛውንም ጨዋታ መጫወት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ትምህርት ቤታችን ከሐረሩ ፈላና በር ብዙም አይርቅም። ስምንት የሚሠሩ ኮምፒውተሮች አሉት፤ በእነርሱ ላይ ልጆች የሚያጫውት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እኔ። ወረቀቱ ስሜን ባይጠራም ለማን እንደተጻፈ ለመገመት ስድስት ሙከራ አላስፈለገኝም።

አልቀደድኩትም። በሥርዓት የማምን ሰው ነኝ፤ የትምህርት ዕቅዴን በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ የምጽፍ፣ ጠመኔዬን በቁመቱ የምደረድር። ግን አልታዘዝኩትምም። ዕለቱ ሐሙስ ነበርና ከሰዓት በኋላ ሰባተኛ ክፍሎቼን ይዤ ገባሁ፣ በሩን ከውስጥ ዘጋሁና ብሮውዘሩን ከፈትኩ።

ጨዋታው ምን እንደሆነ ላስረዳ። ገጹ ሲከፈት ባዶ ሳጥኖች ይመጣሉ፤ አራት ወደ ጎን፣ ስድስት ወደ ታች። አንድ ባለ አራት ፊደል ቃል ተደብቋል። የምትገምተውን ቃል በመጀመሪያው ረድፍ ትጽፋለህ። የጻፍከው ፊደል በትክክለኛ ቦታው ካለ ሳጥኑ አረንጓዴ ይሆናል። ፊደሉ በቃሉ ውስጥ ኖሮ ቦታው ሌላ ከሆነ ቢጫ፣ ጭራሹኑ ከሌለ ግራጫ። ስድስቱ ረድፍ ሳያልቅ ቃሉን ማግኘት ነው። በቃ። አይከፈልበትም፣ አፕ አይጫንለትም፣ ስምና ስልክ ቁጥር አይጠይቅም። አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ኔትወርኩ ቢጠፋም አይቆምም፤ ሐረር ላይ ለሚያስተምር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እዚህ ጨዋታ ላይ የደረስኩት በዘፈቀደ አይደለም። ክረምቱን ቤቴ ቁጭ ብዬ በብሮውዘር የሚከፈት ነጻ የቃላት ጨዋታ ሁሉ ሞከርኩ፤ ለእያንዳንዱም በደብተር ላይ ውጤት ሰጠሁ። እንደ ጋዜጣው አግድምና ቁልቁል የሚሞላው ጥሩ ነው፤ ለጀማሪ ግን ፍንጩን ማንበቡ ራሱ ፈተና ነው። በፊደል ሜዳ ውስጥ የተበተኑ ቃላትን ፈልጎ መክበብ ዓይንን ያሠራል፣ ጭንቅላትን ግን ያስተኛል። ሰባት ፊደል ተሰጥቶህ የቻልከውን ያህል ቃል የምትመሠርትበትም አለ፤ በእንግሊዝኛ ግሩም ነው፣ በአማርኛ ግን በሰባት ፊደል ምን ይደረጋል? የአንዱ ፊደል ቤተሰብ ብቻ ሰባት ነው። ግምቱ ከሁሉም በለጠ። በተለይ የራስህን ቃል ደብቀህ ሊንኩን ለሌላ ሰው የምትልክበት አንድ ገጽ አገኘሁ፤ የግዕዝ ፊደል ይቀበላል። መዝገበ ቃላት የለውም፤ የሰጡትን ቃል ሁሉ አምኖ ይደብቃል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

ከጨዋታው በጣም የተጠቀመችው ከከተማው ወጣ ካለው ገጠር፣ ከሶፊ የምትመጣ አንዲት ተማሪዬ ነበረች። ቤቷ ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ ደህና አድርጎ የሚገጥማት ከተማ ስትገባ ነው። «አንተ» እና «እርስዎ» ይምታቱባታል። አንድ ቀን ሽበታሙን የሒሳብ መምህር «አንተ፣ ይኼ አልገባኝም» ብላቸው ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ወዲህ አፏን ዘጋች። ለሳምንታት ስጠይቃት ጠረጴዛዋን ታያለች። ኮምፒውተሩ ፊት ስትቀመጥ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ሳጥኑ አይስቅባትም። ስትሳሳት ግራጫ ይሆናል፣ ሌላ ትሞክራለች። በሦስተኛው ሐሙስ ከጎኗ ያለውን ልጅ «ያንን አትጻፍ፣ ‹ር› ሞታለች እኮ፣ አቦ!» ስትለው ሰማሁ። ድምጿን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነበር።

እንግዲህ ይህንን ነው ወረቀቱ የከለከለው።

ሰኞ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠራሁ። እሳቸው ለጡረታ የተቃረቡ፣ ለዓመታት ጂኦግራፊ ያስተማሩ፣ በእጅ ጽሑፋቸው ውበት በመላው ትምህርት ቤት የሚታወቁ ሰው ናቸው። የበሩም ወረቀት በእጃቸው የተጻፈ ነበር። ቢሯቸው ውስጥ ሽርጥ የታጠቀ፣ ጫማው ላይ የሶፊ ቀይ አፈር የደረቀበት ሰው ተቀምጧል።

«ተቀመጪ» አሉኝ። «ወረቀቱን አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«እና?»

«ጽሑፉ ያምራል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ስሚ ልጄ፣ እኔ የምቀልድ ሰው አይደለሁም። ወላጅ እየከሰሰ ነው። እኚህ ሰው ከሶፊ ድረስ የመጡት ልጄ ትምህርት ቤት እየሄደች ትጫወታለች ብለው ነው።»

ሰውዬው ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ኧረ ወላሂ እኔ አልከሰስኩም! ጠየቅኩ እንጂ። ልጄ ማታ ማታ ትጠይቀናለች፤ ‹አባ፣ በ‹መ› የሚጀምር፣ አራት ፊደል ያለው ስጠኝ› ትላለች። እናቷም ታስባለች፣ እኔም አስባለሁ፣ እህል እየበላን እናስባለን። ይኼ ምንድን ነው ብዬ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

የዝምተኛዋ ተማሪዬ አባት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በወረቀት ላይ ሳጥን ሠርቼ አንድ ዙር አሳየሁት። ጉልበቱን መታ አደረገ።

«ይኼማ ሂቦ ነው! እኛ ሂቦ እንለዋለን፣ እናንተ እንቆቅልሽ ትሉታላችሁ። እሱን ነው ወይ የከለከላችሁት? እኔ ልጅ ሆኜ ሂቦ የማይችል ሰው ነበር የሚከለከል!»

ምክትሉ ሳጥን የሠራሁበትን ወረቀት ወደ ራሳቸው ሳቡት። ምስክራቸው ከእጃቸው አምልጧል። ቀስ ብለው መነጽራቸውን መለሱ።

«እንቆቅልሽ ከሆነ እኔም ልጠይቃችሁ» አሉ። «ሐሙስ እመጣለሁ። ቃሉን የምደብቀው እኔ ነኝ፤ አንቺም እንዳታዪው። ልጆቹ በስድስት ሙከራ ካገኙት ወረቀቱን በገዛ እጄ እነቅላለሁ። ካላገኙት ግን ሀገር ትሰጡኛላችሁ።»

«ምን ሀገር?»

«ቁልፉን። ክፍሉ ለፈተና ወረቀት መተየቢያ ብቻ ይሆናል።»

የሶፊው ሰው ሳቀ። «ተቀበይ እህቴ፣ ኢንሻአላህ ያገኙታል።»

ተቀበልኩ። ዛሬ ሳስበው ችኮላ ነበር፤ የልጆቹን ሐሙስ በራሴ እልህ አስያዝኩት። ግን እውነቱን ለመናገር ባልቸኩልም ኖሮ እቀበል ነበር። የሚሠራ ነገር ይዞ መሸሽ አልወድም።

ሐሙስ ደረሰ። ሠላሳ አንድ ልጆች በአንድ ኮምፒውተር ዙሪያ ተጠጋግተው ቆሙ፤ የኋለኞቹ ወንበር ላይ ወጡ። በመስኮቱ በኩል ሐኪም ጋራ ጭጋግ ለብሶ ይታያል። ምክትሉ ገቡ፣ ሁላችንንም ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዞሩንና በአንድ ጣት መጻፍ ጀመሩ። ቁልፎቹ ሲንኳኩ ለረጅም ጊዜ ሰማን። አንድ ጊዜ «ይኼ ደግሞ ለምን እምቢ ይላል?» ሲሉም ሰማሁ።

«ዙሩ» አሉ በመጨረሻ። «የመረጥኩላችሁ ቃል ከዚህ ሁሉ ሳጥን ይበልጥ የሚጠቅማችሁ ነገር ነው።»

የሶፊዋን ልጅ ኪቦርዱ ፊት ያስቀመጥኳት በጣቷ ፍጥነት ነው። ልጆቹ ይጮሃሉ፣ እሷ ትጽፋለች። መጀመሪያ «መምህር» አሉ። «መ» አረንጓዴ ሆነ፣ ሦስቱ ግራጫ። ጩኸት። ሁለተኛ «መሀረብ»፤ ከ«መ» በቀር ሁሉም ግራጫ። ሦስተኛው «መጥለፍ» ሆነ፣ በስተመጨረሻ ያለው «ፍ» አረንጓዴ በራ።

«መ፣ ባዶ፣ ባዶ፣ ፍ!» አለ ወንበር ላይ የቆመ ልጅ። «መንቀፍ! ምክትል የሚወዱት እሱን ነው!»

ሳቅ ሆነ። ምክትሉ ሳይቀሩ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «መንቀፍ» ተጻፈ። አዲስ ነገር የለም፤ መካከለኞቹ ግራጫ። ሁለት ረድፍ ቀረን።

«መጽሐፍ ቢሆንስ?» አለች አንዲት ልጅ ከኋላ።

«አይሆንም!» አሏት ሦስት አራት ድምፆች በአንዴ። «‹መሀረብ› ስንል ‹ሀ› ግራጫ ሆናለች። ‹ሀ› የለበትም ማለት ነው።»

ቃሉ ያኔ ገባኝ። ከሁሉም የሚጠቅም ነገር፣ ከጨዋታ ይልቅ እርሱን እንድናነሣ የሚፈለግ ነገር፣ መጽሐፍ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? ግን መናገር አልችልም፤ ውሉ ከእነርሱ ጋር ነው። ልጆቹ የወደቁበትን ጉድጓድ ደግሞ አውቀዋለሁ። በአማርኛ አንድ ድምፅ ሁለት ሦስት ልብስ አለው። ሃሌታው ሀ አለ፣ ሐመሩ ሐ አለ፣ ብዙኃኑ ኀ አለ። እኛ ስንናገር አንለያቸውም። ጨዋታው ግን ጆሮ የለውም፣ ዓይን ብቻ ነው ያለው። የሃሌታው ሀ ግራጫ ስለሆነ የሐመሩ ሐ አልሞተም።

የሶፊዋ ልጅ እጇን ከኪቦርዱ አላነሣችም። ወደ ኋላም አልዞረችም።

«መጽሐፍ ነው» አለች።

«ኧረ ‹ሀ› የለም እኮ!»

«የደረቱ ‹ሃ› ነው የሌለው። ቁርአን ቤት ሁለት ናቸው። አንዱ የደረት ነው፣ እንደ መተንፈስ። አንዱ የጉሮሮ ነው።» በጣቷ አንገቷን ነካች። «ሙስሐፍ የጉሮሮው ነው። መጽሐፍና ሙስሐፍ ደግሞ ያው አንድ ነው።»

ቁርአኑን «ሙስሐፍ» ብለው የሚጠሩት ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። እያንዳንዳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሁለቱን ቃላት ሲያነጻጽሩ ይታያል። ክፍሉ ውስጥ አማርኛ አትችልም የተባለችው ልጅ፣ በአማርኛ አፋችንን የፈታን እኛ የጣልነውን ልዩነት ከቁርአን ቤት ይዛው መጥታለች።

«መጽሐፍ» ብላ ጻፈች። ሳጥኖቹ በየተራ ተገለበጡ። «መ» አረንጓዴ። «ጽ» ግራጫ። «ሐ» አረንጓዴ። «ፍ» አረንጓዴ።

ጩኸቱ ጀምሮ በመሃል ቆመ። ሦስት አረንጓዴ፣ አንድ ግራጫ፣ አንድ ረድፍ ቀርቷል። ልጅቷ ግራጫዋን ሳጥን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወደ ምክትሉ ዞረች።

«ተሳስተሃል» አለች።

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ትንፋሹን ዋጠ። ምክትሉ ቅንድባቸውን አነሡ።

«ተሳስተዋል ነው የሚባለው» አሉ፣ እንደ ልማዳቸው ለማረም።

«ተሳስተዋል» አለች እሷ።

ክፍሉ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ አልደብቅም። እሷ ብቻ አልሳቀችም፤ የምታስረዳው ነገር አልጨረሰችም ነበር። «ሷድ ነው የሚጻፈው፣ ዷድ አይደለም። እርስዎ ‹ፀሐይ› የሚለውን ‹ፀ› ነው የደበቁት።»

ለማያውቅ ልተርጉም። ሷድና ዷድ የዐረብኛ ፊደላት ናቸው፤ ሷድ የእኛ ጸ፣ ዷድ የእኛ ፀ አቻ ነው። ይህም ድምፅ እንደ ሐ ነው፣ በአማርኛ ሁለት ልብስ አለው፤ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ። መጽሐፍ የሚጻፈው በጸሎቱ ነው። ምክትሉ በፀሐዩ ጽፈው ደብቀውታል፣ ያ መዝገበ ቃላት የሌለው ገጽም አምኖ ተቀብሏቸዋል።

«ማሽኑ ነው» አሉ ፊታቸው ቀልቶ። «የፈለግኩትን አልሰጠኝም።» ምናልባት እውነታቸውን ነው፤ እምቢ አለኝ ሲሉ ሰምቻለሁ።

«ጻፊው፣ ጻፊው!» ልጆቹ እየገፉ መጡ። «በዚያኛው ‹ፅ› ጻፊው፣ እናሸንፋለን! ምን ቸገረሽ አቦ!»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ስህተቱን ልጻፍ?»

አንድ ፊደል ነበር። እሷን ብትነካ ክፍሉ የኛ ነው፣ ወረቀቱ ይነቀላል፣ ሐሙስ ይቀጥላል። «ጻፊ» ማለት አማረኝ፤ ምላሴ ላይ ነበረ። ግን ይህን ሁሉ የደከምኩት ልክ የሆነውን ከስህተቱ እንዲለዩ አልነበረም? ለይታ ከጨረሰች በኋላ ስህተቱን ጻፊ ብዬ እንዴት እላታለሁ?

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አልኳት።

እጆቿን ከኪቦርዱ አንሥታ ጭኗ ላይ አኖረች። «አልጽፍም።»

«አትጽፍም» አልኳቸው ለምክትሉ።

የሚያፈገፍጉ መስሎኝ ነበር። «እንግዲያው ቃሉን አላገኛችሁም» አሉ። «ውል ውል ነው። ሀገር ስጡኝ።»

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ስድስተኛው ረድፍ ባዶ እንደሆነ ስክሪኑ ተዘጋ።

ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት መዝገበ ቃላት መግለጥ ነው። ልጅቷ ልክ ነበረች። ቀጥሎ የራሴን የትምህርት ዕቅድ ገለጥኩ። በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ፣ በንጹሕ ጽሑፍ፣ አሥራ አንድ ቦታ ላይ «መፅሐፍ» ብዬ ጽፌያለሁ። የአማርኛ መምህርት ነኝ። አሥራ አንዱንም አረምኩ፤ በምክትሉ ላይ የሳቅኩትንም ሳቅ በልቤ መለስኩ። በነገራችን ላይ የልጅቷ ዘዴ ለሁሉም ቃል አይሠራም፤ ሞክሬዋለሁ። የገዛ ከተማችንን ስም እኛ በጉሮሮው ሐ እንጽፈዋለን፣ በዐረብኛ ግን የሚጻፈው በደረቱ ነው። ይህን ስነግራት «ሐረር ለማንም አትታዘዝም» አለችኝ።

እኔም አልታዘዝኩም። ቁልፍ የተወሰደብኝ የኮምፒውተር ክፍል ነው፤ ሰሌዳ አልተወሰደብኝም። በሚቀጥለው ሐሙስ በክፍላችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ አራት ወደ ጎን፣ ስድስት ወደ ታች ሳጥን አሰመርኩ። ባለ ቀለም ጠመኔ ስለሌለ አረንጓዴው ክብ ሆነ፣ ቢጫው ከሥር መስመር፣ ግራጫው ጭረት። ቃል የሚደብቁት በየተራ ነው። የሚደብቅ ሰው ቃሉን አስቀድሞ በመዝገበ ቃላት የማየት ግዴታ አለበት፤ ይህ ደንብ አዲስ ነው፣ ያወጣችውም የሶፊዋ ልጅ ናት። ስልክ ያለው ወላጅ ያላቸው ደግሞ ገጹን ቤታቸው ይከፍቱታል። አባቷ በሦስት ሙከራ አገኘሁ ብሎ እንደሚፎክር ነግራኛለች፤ እናቷ ግን ፍንጭ ሰጥታው ነው ትላለች።

ቁልፉንም አልረሳሁትም። በየሳምንቱ ማክሰኞ ለምክትሉ በሥርዓቱ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ጉዳዩ፦ የኮምፒውተር ክፍል ስለመጠየቅ። የመጀመሪያው «አልተፈቀደም» ተብሎ በዚያ በሚያምር እጅ ተጽፎበት ተመለሰ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። የሥራ ባልደረቦቼ «ተይ፣ ራስሽን አታስጠቂ» ይሉኛል። እኔ ቀኑን ቀይሬ እንደገና እጽፋለሁ።

አምስተኛውን ባለፈው ሐሙስ፣ ክፍል ልገባ ስል፣ የቢሮ ሠራተኛዋ አቀበለችኝ። «አልተፈቀደም» የሚል ቃል ፈለግኩበት፣ የለም። «ተፈቅዷል»ም የለም። ያለው በቀይ እስክሪብቶ የተከበበ አንድ ፊደል ብቻ ነው። ቸኩዬ «ዘወትር ሃሙስ ከሰዓት በኋላ» ብዬ ጽፌ ኖሯል። «ሃ» ተከብባለች፤ ከጎኗ በደቃቁ «ግራጫ» ተብሎ ተጽፏል።

ወረቀቱን ለልጆቹ አሳየኋቸው። የሶፊዋ ልጅ ተጠግታ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው።

«ገቡ» አለች።

«ምኑ ውስጥ?»

«ጨዋታው ውስጥ ነዋ!»

ከጠረጴዛዋ ንጹሕ ወረቀት ወስጄ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጻፍኩት። «ሐሙስ» ላይ ስደርስ ሐመሩን ሐ ከሌሎቹ ፊደላት አጎላሁት። ኮሪደሩን ተሻግሬ በቢሯቸው በር ሥር አስገባሁት፤ ከውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፣ አልጠበቅኩም። ስመለስ ልጆቹ ሰሌዳው ላይ ሳጥኖቹን አስምረው ጨርሰው ነበር፤ አራት ወደ ጎን፣ ስድስት ወደ ታች።